ከደጇ የቀረው ዛፍ

«እጅሽን እዚህ ላይ አሳርፊና የምትመኚውን በሆድሽ በዪ» አለች ብላንካ፣ የራድካን እጅ ይዛ ድልድዩ ላይ ወዳለው የቅዱስ ሐውልት እየጎተተች። «ቶሎ በይ እንጂ! ከኋላችን ያለው ሰልፍ ሊበላን ነው።»

ራድካ መዳፏን ነሐሱ ላይ አሳረፈች። ስንት ዘመን ስንት ሰው እየዳበሰው ያብለጨልጫል። ምኞት ለመናገር ግን ልቧ አጠገቧ አልነበረም። ዓይኗ ድልድዩ ላይ ከሚርመሰመሰው ሰው መሀል፣ ቡናማ ካፖርት ለብሶ ጀርባውን የሰጣት አንድ ረጅም ሰው ላይ ተተክሏል። ትከሻው ጎበጥ ያለ ነው፤ ፀጉሩም ማጅራቱ ላይ እንደዚያኛው ጥቅልል ብሏል። ሰውዬው ዞር አለ። ጺማም ጀርመናዊ ጎብኚ ነው፤ አይስክሬም ይልሳል።

«ይሄም እሱ አይደለም?» ብላንካ ሳቀች። «አንቺ ልጅ፣ ፕራግ ውስጥ ያለውን ወንድ ሁሉ ጀርባ አይተሽ ጨረስሽ እኮ! ቤተ መንግሥቱን አላየሽ፣ ወንዙን አላየሽ። ማታ እናትሽ ደውላ ‹ምን አየሽ?› ብትልሽ ‹ጀርባ› ልትያት ነው?»

«ተይኝ ብላንካ።»

«አልተውሽም! የእረፍት ቀኔን ሰጥቼሽ፣ በአዲስ ጫማ እግሬ ተልጦ፣ አንቺ ጫጩት እንደጠፋባት ዶሮ ትቅበዘበዢያለሽ። ትልቁ ሰዓት ጋ አቆምኩሽ፣ የሐዋርያቱ ምስሎች በመስኮት ብቅ ብቅ ሲሉ አገር ምድሩ አፉን ከፍቶ ሽቅብ ያያል፣ አንቺ የቆምሽበትን ድንጋይ ታያለሽ። ምነው፣ የኔ ፕራግ አነሰሽ?»

ብላንካም እንደ ራድካ በወይን አገሩ በሞራቪያ የዛሬቪ መንደር ልጅ ናት። ከራድካ ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጠው ተምረዋል፤ በመከር ጊዜ በአንድ ቅርጫት ወይን ለቅመዋል። ከዚያ ብላንካ «በቃ፣ ወገቤ ዕቃ አይደለም» ብላ ሞራቪያን ትታ ፕራግ ገባችና ትራም ነጂ ሆነች። አፏ ግን የመንደሯ እንደሆነ ቀርቷል። ፕራጎች ቢራ ሲያዙ እሷ ወይን አዝዛ አስተናጋጁን ትሰድባለች፤ ወይናችሁ ኮምጣጤ ነው እያለች።

እውነቱን እንነጋገርና፣ ራድካ ከተማ ልታይ አልመጣችም። በሜይ አንድ ዋዜማ፣ የሷ መንደር ልጃገረድ ሁሉ ከቤቷ ንቅንቅ በማትልበት ምሽት፣ ባቡር ላይ የወጣችው አንዲት ጥያቄ ይዛ ነው። የአምና ፍቅረኛዋን ሽቴፓንን ፊት ለፊት አግኝታ «ለምን?» ልትለው። መልስ ካገኘች ጥሩ። ካላገኘች ደግሞ እሁድ የጎረቤታቸው የሉዴክ ወላጆች ወይናቸውን ይዘው ለልጃቸው ሊጠይቋት ይመጣሉ፤ አባቷም እሺ ሊሉ ቆርጠዋል። ሉዴክ ክፉ ሰው አይደለም። ሠራተኛ ነው፣ አይሰክርም፣ ማሳውም ከነሱ ማሳ ጋር ኩታ ገጠም ነው። ጥፋቱ ሽቴፓን አለመሆኑ ብቻ ነው።

«እሺ» አለች ብላንካ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። የጓደኛዋ ፊት አሳዘናት። «ነይ፣ እሱ ወደሚሠራበት ቤተ ክርስቲያን እንሂድ። እስከዚያ ድረስ ለማንም ሐውልት ቦታ የለሽም መሰለኝ።»

ራድካ ቀድማት መራመድ ጀመረች። 

※

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሽቴፓን የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን፣ ያንን በወናፍ የሚነፋ ትልቅ የመዝሙር መሣሪያ፣ የሚጠግን ሰው ነው። አምና ብርዱ ሊወጣ ሲል የዛሬቪ አሮጌ ኦርጋን ትንፋሽ አጥሮት በቅዳሴ መሀል እያፏጨ ቢያስቸግር፣ ቄሱ ሽቴፓንን ከፕራግ አስመጡት። የትልቅ ሰው ልጅ ነው፤ አባቱ ስመ ጥር የቀዶ ሕክምና ሐኪም፣ እናቱ ዳኛ። ልጃቸው እጁን በሙጫ የሚያጨማልቅ ሥራ መምረጡ ሳያንሳቸው የወይን ገበሬ ልጅ ወደደ ሲባሉ፣ እናቲቱ መኪናቸውን አስነስተው ዛሬቪ ድረስ መጡ። የራድካ አባት የቀዱላቸውን ወይን በከንፈራቸው ነካ አድርገው አስቀመጡና «አንቺስ የኔ ልጅ፣ ምን ተማርሽ?» አሉ። ራድካ አፏን ሳትከፍት አባቷ «ግረዛ! ወይን ትገርዛለች» ብለው መለሱላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት «የፕራግ ሰው» ስድብ ሆነ።

ቢሆንም ፍቅር በአባት ቁጣ የሚቆም አይደለም። ራድካ ከማሳ ስትመለስ ወደ ኦርጋኑ ሰገነት ትወጣለች። ሽቴፓን የኦርጋኑን ወናፍ በለፋ ነጭ የበግ ቆዳ ሲያለብስ እሷ ቆዳውን ወጥራ ትይዝለታለች። ከተረፈው ላይ ቀጭን ጠፍር ይቆርጥና የእጇ አንጓ ላይ ያስርላታል፤ «አሁን አንቺም ትንፋሽ አታባክኚም» ይላታል። እንዲህ ያለ ቀልድ ነው ያለው፤ ለሷ ግን ይበቃታል።

ከዚያ ሜይ አንድ መጣ። በዛሬቪ በዋዜማው ሌሊት ወንድ የሆነ ሁሉ ጫካ ይወርዳል። ነጭ ቅርፊት ያለው ለጋ የበርች ዛፍ ቆርጦ፣ ሪባን አስሮበት፣ የሚወዳት ልጅ ደጃፍ ላይ ያቆማል። ጠዋት ልጅቱ ወይን በብርጭቆ ይዛ ትወጣለች፤ ያቆመው ሰው ከተደበቀበት ይመጣና ከእጇ ይጠጣል። አባትየው ካልወደደው ደግሞ ከብርጭቆው በፊት መጋዝ ይወጣል፤ ዛፉ ተጋዘ ማለት ነገሩ አለቀ ማለት ነው፣ ማንም አይከራከርም። ታዲያ የመንደሩ ጎረምሶች የራድካን ደጅ ለሽቴፓን ተዉለት። የሰው ፍቅረኛ ደጅ ላይ ዛፍ ማቆም ነውር ነው።

ጠዋት ራድካ ብርጭቆዋን ይዛ ወጣች። የጎረቤቶቿ ሁሉ ደጅ ላይ ሪባን ይውለበለባል። የሷ ደጅ ባዶ ነው። መንገድ ላይ የቆሙት ሴቶች አይተው እንዳላዩ ፊታቸውን አዞሩላት፤ ከስድብ የሚብሰው ይህ ነው። የሽቴፓን እናት አሸነፈች፣ እሱም አፈረብኝ፣ ብላ ደመደመች። ቀትር ላይ ሽቴፓን እያፏጨ መጣና እጇን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ወሰዳት። የቼሪው ዛፍ አብቦ ነጭ ሆኗል። «ዛሬ ካበበ ዛፍ ሥር ያልተሳመች ልጅ ዓመቱን ሙሉ ትደርቃለች» አለና ጎንበስ አለ፣ ሊስማት። ራድካ እጇን መንጭቃ «ሂድልኝ!» አለችው። ፊቱ እንዴት እንደወደቀ እስከ ዛሬ ትዝ ይላታል። በሳምንቱ ኦርጋኑን ጨርሶ ሄደ። እሷም ኩሩ፣ እሱም ኩሩ፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም እያሉ ዓመቱን በዝምታ ጨረሱት። ዝንቡ ቢገባ ይሻል ነበር።

※

ቤተ ክርስቲያኑ ከወንዙ ማዶ ነው። ሽቴፓን እዚያ እንደሚሠራ ለራድካ የነገሯት የመንደሯ ቄስ ናቸው፤ ሳትጠይቃቸው። ደረጃው ላይ አንዲት አሮጊት የሠርግ አበባ ይጠርጋሉ።

«ጤና ይስጥልኝ እማማ። ኦርጋኑን የሚጠግነውን ሰው ፈልጌ ነበር።»

«ሽቴፓንን? ውይ፣ አመለጠሽ!» አሉ አሮጊቷ፣ መጥረጊያቸውን ተደግፈው። ወሬ እንደሚወዱ ያስታውቃሉ። «ትናንት ሥራውን ጥሎ ብን አለ። ጺሙን ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ እኔ ሙሽራ መስሎኝ ነበር። ‹ወዴት ነው እንዲህ አምረህ?› ብለው ‹ወደ ሴት ደጅ፣ እማማ፤ ይጸልዩልኝ› አለኝ። ያ ድብርታም ልጅ ሲስቅ አየሁት ስልሽ! ታድላ፣ ማንም ትሁን ብቻ። አንቺስ ምን ልበልለት?»

«ምንም» አለች ራድካ። «ምንም አይበሉት።»

ደረጃውን እንዴት እንደወረደች አላወቀችም። ወደ ሴት ደጅ። ተላጭቶ፣ አምሮ፣ እየሳቀ። ዓመት ሙሉ እሷ በየማሳው ጫፍ መንገድ መንገዱን ስታይ እሱ ሌላ አግኝቷል። ምን ይጠበስ? መልሱን ፈልጋ መጣች፣ መልሱን አገኘች። 

«ራድካ፣ ቀስ በይ! ወዴት ነው የምትሮጪው?» ብላንካ ከኋላ ታነክሳለች።

«ወደ ፊት።»

«ወደ ፊት እኮ ወንዝ ነው!»

ያን ጊዜ የራድካ ስልክ ጮኸ። እናቷ ናቸው፤ ከወዲያ በኩል የመንደሩ ባንድ ጡሩምባ ይሰማል።

«ልጄ፣ ጉድ በይ! ደጃችን ላይ ዛፍ ቆሟል!» አሉ እናቷ እየተቻኮሉ። «ሌሊቱን ነው ያቆሙት፣ ማንም አላየም። ገና በደንብ እንኳ አላየሁትም፣ ሰው ለበዓሉ ወይን ሊቀምስ ግቢውን ሞልቶታል። አባትሽ ‹ከሉዴክ ሌላ ማን ይሆናል› ብሎ ደስ ብሎታል። አሁን አንቺ የለሽም፣ ብርጭቆውን ማን ያውጣ? ምን እንበለው?»

ራድካ ወንዙን አየች። የጎብኚ ጀልባ ያልፋል፤ ሰዎቹ እጃቸውን ያውለበልቡላታል። ቢያንስ ሉዴክ ደጇን ባዶ አላስቀረም፣ አለች በልቧ። ይህን ስታስብ ንዴቱና ኀዘኑ አንድ ላይ ተነሱባት።

«እሺ በዪው እማዬ። እሁድ ይምጡ።»

«እውነትሽን ነው?» የእናቷ ድምፅ ደስ ያለው አይመስልም። «አስበሽበታል?»

«አስቤበታለሁ» ብላ ዘጋች። አላሰበችበትም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለሷ ነው። ስልኩን ኪሷ ከተተች።

ብላንካ ሁሉንም ሰምታለች። የራድካን ክንድ አጥብቃ ያዘች።

※

ፔትርዢን በሚባለው የፕራግ ኮረብታ ላይ በሜይ አንድ ለፍቅር ሰልፍ ይያዛል። ቀልድ አይደለም። ዘንድሮ ሙቀቱ ቀድሞ ስለመጣ ቼሪው አብዛኛውን አበባውን አራግፎ ቅጠል ብቻ ሆኗል። አበባ የቀረበት አንድ ዛፍ ጥግ ላይ አለ፤ ጥንድ ጥንዱ ተራውን ይጠብቃል። ወጣቶች አሉ፣ ሽማግሌዎች አሉ፣ ልጆቻቸውን በጋሪ ይዘው የመጡም አሉ። ተራው የደረሰ ገብቶ ይሳሳማል፤ የዘገየ እንደሆነ ከኋላ «ኧረ በቃችሁ፣ አበባው ሳይረግፍ!» ይባላል።

«ለምን እዚህ አመጣሽኝ?» አለች ራድካ።

«እኔ አመጣሁሽ? አንቺ ነሽ ስትሮጪ ያመጣሽኝ! እኔማ ተቀምጬ አንድ ብርጭቆ ብጠጣ ደስ ይለኝ ነበር።» ብላንካ ሣሩ ላይ ዘጭ ብላ ጫማዋን አወለቀች። «አሁን አድምጪኝ። ሉዴክን ትወጂዋለሽ?»

«ጥሩ ሰው ነው።»

«ጥሩ ሰውማ ስንት አለ! የኔ አለቃም ጥሩ ሰው ነው። ትወጂዋለሽ ወይ ነው የምልሽ?»

ራድካ ቁጭ አላለችም። ዛፉን ዞረችው፣ ተመለሰች፣ ደግሞ ዞረችው። አንዲት አሮጊት በመጨረሻ ተራቸው ደርሶ ባላቸውን ሲስሙ ሰልፉ ሁሉ አጨበጨበ። ሽማግሌው ባርኔጣቸው ወድቆባቸው ይስቃሉ። ራድካ ድንገት እንባዋ መጣ። ካልወደዱት ሰው ጋር ማርጀት ምን ያህል ረጅም እንደሚሆን ያን ጊዜ ታያት። ያን ቀን በቼሪው ሥር እጇን ባትመነጭቅ ኖሮ፣ አንዴ ብቻ «ለምን ደጄን ባዶ አስቀረኸው?» ብላ ብትጠይቀው ኖሮ። አፏ ተዘግቶ የቀረው ያን ቀን ነው።

«አልወደውም» አለች። «ብላንካ፣ ምንድን ነው ያደረግኩት? ቃሌን ሰጠሁ እኮ!»

ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«ራድካ!» የእናቷ ድምፅ አሁን ጭንቀት አለበት። «ሉዴክ አይደለም! ራሱ መጥቶ ‹ማነው ያቆመው?› አለን። ‹የሌለች ሴት ደጅ ላይ ዛፍ አላቆምም፣ እኔ ለእሁድ ነው የተዘጋጀሁት› ብሎ ተቀይሞ ሄደ። አባትሽ የሆነ ሰው ቀለደብን ብሎ ደሙ ፈልቷል። ዛፉም እኮ ዛፍ አይደለም፣ የማርያም ያለህ! ማንም ሰው እንዲህ አያቆምም። አልተቆረጠም፣ ከነሥሩ ነው፣ ከነአፈሩ በባልዲ! ሪባን እንኳ የለውም።»

«ሪባን ከሌለው ምን አለው?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ቁርጥራጭ ነገር ነው። ነጭ ቆዳ። ቀጭን ቀጭን፣ እንደ ጓንት የለሰለሰ...»

ራድካ ቁጭ አለች።  ግራ እጇ ሳታዘው ሄዶ ቀኝ አንጓዋን ያዘ። በዓለም ላይ በሜይ ዋዜማ የወናፍ ቆዳ ዛፍ ላይ የሚያስር አንድ ሰው ብቻ ነው።

«ወደ ሴት ደጅ» አለች። ሳቅም ለቅሶም ያልሆነ ድምፅ ወጣት። «ብላንካ! የኔ ደጅ ነው! የሄደው ወደኔ ደጅ ነው!»

«ምን?» ብላንካ ባዶ እግሯን ተነሳች።

«እማዬ፣ አባዬ የት ነው?»

«መጋዝ ሊያመጣ ጓዳ ገብቷል።»

«አስቁሚው! በማርያም አስቁሚው! ደጅ ውጪና ዙሪያውን እዪ፣ አንድ ረጅም ሰው አለ፣ ተደብቆ እየጠበቀ ነው። ከፕራግ ነው የመጣው፣ መደበቁን ሰምቶ ይሆናል፣ መቼ እንደሚወጣ ግን ማንም አልነገረውም!»

እናቷ እየሮጡ ሲያለከልኩ ተሰማ። የበር ድምፅ፣ የጡሩምባ ድምፅ፣ የውሻ ጩኸት። «ከደጃችን ትይዩ ካለችው ቤተ ጸሎት ጎን አንድ መኪና ቆሟል... ወይን ሊቀምስ የመጣ እንግዳ መስሎን... ኧረ በስመ አብ! ሽቴፓን! አንተ ልጅ፣ ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ነህ?»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ተሰማት። ከዚያ ትንፋሽ። ያንን ትንፋሽ ታውቀዋለች።

«ራድካ?»

ዓመት ሙሉ ያዘጋጀችው ጥያቄ ጠፋባት። «አንተ» ብቻ አለች።

«አልወጣሽም» አለ ሽቴፓን፣ ድምፁ ሻክሮ። «ጎህ ሲቀድ የሌላው ሁሉ በር ተከፈተ። ያንቺ አልተከፈተም። ዘንድሮም እምቢ አለችኝ ብዬ... ግን መሄድ አቃተኝ። ትወጣ ይሆናል፣ ትወጣ ይሆናል እያልኩ ቀረሁ።»

«እንዴት ልውጣ? እኔ ፕራግ ነኝ!»

«ፕራግ? ፕራግ ምን ትሠሪያለሽ?»

«አንተን እፈልጋለሁዋ! ከጠዋት ጀምሮ የማላውቀውን ሰው ሁሉ ጀርባ እያየሁ!» አለቀሰች፤ ሰልፉ ላይ ያሉት ዞር ዞር አሉ፣ ግድ አልነበራትም። «ለምንድን ነው አምና ደጄን ባዶ ያስቀረኸው? በእናትህ ምክንያት ነው? አፍረህብኝ ነው?»

«አላውቅም ነበር!» ብሎ ጮኸ። «ራድካ፣ በእግዜር፣ አላውቅም ነበር! ጠዋት ስነሳ የሰው ሁሉ ደጅ ላይ ዛፍ አየሁ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ለበዓል የተከለው መሰለኝ። የፕራግ ልጅ ነኝ፣ ምን አውቃለሁ? እኔ የማውቀው ያበበ ዛፍ ብቻ ነው። እሱ ሥር ይዤሽ ሄድኩ፣ ‹ሂድልኝ› አልሽኝ። እኛ ጋ በዚያ ቀን ከዛፍ ሥር እምቢ ያለች ሴት እምቢ ያለችው ለዘላለም ነው። ባለፈው ሳምንት ከናንተ አገር የመጣ አናጺ ሰገነቱ ላይ ስለዋዜማው ሲያወራ ሰማሁት። መዶሻው ከእጄ ወደቀ። ይቅር በይኝ። ልደውልልሽ አልደፈርኩም፣ ደጅሽ ላይ ቆሜ ብቻ ይቅርታ ልጠይቅ አልኩ።»

ራድካ ዓይኗን ጨፈነች። ዓመቱን ሙሉ የተሸከመችው ነገር አለማወቅ ብቻ ነበር። ክፋት አልነበረም፣ ማፈርም አልነበረም። እሷም አንዲት ቃል ብትተነፍስ ያልቅ ነበር። «አንተም ይቅር በለኝ» አለችው። «እኔ መጠየቅ ነበረብኝ። እወድሃለሁ፣ ሰማኸኝ? አምናም እወድህ ነበር፣ ‹ሂድልኝ› ስልህም እወድህ ነበር።»

 ሽቴፓን ቀስ ብሎ «ራድካ» አለ፣ «አባትሽ መጡ። መጋዝ ይዘዋል።»

 ብላንካ ጆሮዋን ስልኩ ላይ ለጠፈች። እርምጃ ተሰማ፣ ጡሩምባው ጸጥ አለ፤ መንደሩ ሁሉ የቆመ ይመስላል።  ባልዲ ሲንቀሳቀስ ተሰማ። ጊዜው የማያልቅ ሆነባት።

«አንተ ነህ ይሄን ያመጣኸው?» የአባቷ ድምፅ ነው፣ ከሩቅ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ለምን አልቆረጥከውም? እዚህ አገር ተቆርጦ ነው የሚቆመው። ማንም አልነገረህም?»

«ነግረውኛል» አለ ሽቴፓን። «ቆርጬው በሳምንቱ ደጇ ላይ ሲደርቅ ማየት አልፈለግኩም። ስለዚህ አፈሩን ይዞ ይምጣ ብዬ ነው። አጥፍቼ ከሆነ...»

 ስልኩ ሲንኮሻኮሽ ሰማች፤ ከዚያ የአባቷ ከባድ ትንፋሽ ጆሮዋ ሥር መጣ።

«ራድካ።»

«አቤት አባዬ።»

«ይሄ የፕራግ ሰው ዛፉን ከነሥሩ ነው ያመጣው።»

«ሰምቻለሁ።»

«እንዴት ብዬ ነው ታዲያ የምጋዘው?» የአባቷ ድምፅ ተሰበረ፤ በሕይወቷ እንዲህ ሲሆን ሰምታ አታውቅም። «ዕድሜ ልኬን ስገርዝ ኖሬያለሁ። ሥር የያዘ ለጋ ነገር ግን ከግንዱ ቆርጬ አላውቅም፣ ዛሬም አልጀምርም። ደግሞ ይሄ ደደብ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ትቶት ቅጠሉ ጠውልጓል። ውሃ አጠጣሁት። ማታ ውርጭ ሳይወርድ መተከል አለበት፣ የት እንደሚተከል ደግሞ ባለቤቷ ነች የምትነግረን። እሱንም እናትሽ ሾርባ እየሰጠችው ነው፣ ተርቧል። ብርጭቆው ግን ያንቺ ሥራ ነው፣ እኔ አላወጣልህም ብዬዋለሁ። የሉዴክን ቤት ለኔ ተዪው። ነይ ልጄ። ቶሎ ነይ።»

«መጣሁ አባዬ። እሱን እንዳይንቀሳቀስ በለው! ሊወስደኝ እንዳይነሳ፣ መንገድ ላይ እንተላለፋለን። ዛፉን ይጠብቅ!»

ብላንካ ጫማዋን በእጇ ይዛ ኮረብታውን ቁልቁል መሮጥ ጀምራለች። «ምን ትጠብቂያለሽ?» ትላለች እየጮኸች። «ባቡሩ አንቺን ቁጭ ብሎ አይጠብቅም! ሃያ ሁለት ቁጥር ትራምን ዛሬ የምትነዳው ጓደኛዬ ነች፣ እንድትበር አደርጋታለሁ!» ሰልፉ ላይ የቆሙት ምን እንደተፈጠረ ባያውቁም አጨበጨቡላቸው።

ትራሙ ቁልቁል ሲወርድ ራድካ መስኮቱ ላይ ግንባሯን አሳርፋ ተቀመጠች። ወንዙ ታያት፤ እንዴት ሰፊ ነው። ቤተ መንግሥቱ ታያት። ድልድዩም ታያት፤ ጠዋት እዚያ ላይ እንደቆመች፣ ነሐሱን እንደዳበሰች፣ ምኞቷን ግን እንዳልተናገረች ትዝ አላት። እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። አሁንም ተቀምጣ መረጋጋት አቅቷት ነበር፤ ትራሙ በየፌርማታው ሲቆም ወርዳ ልትገፋው ይቃጣታል።

«ምነው፣ አሁን ደግሞ ምን ሆንሽ?» አለች ብላንካ፣ የተላጠ እግሯን እያሻሸች። «ከተማዬን በመጨረሻ አየሽልኝ ወይስ አሁንም የሰው ጀርባ ነው?»

«አየሁት» አለች ራድካ እያለቀሰች፣ እየሳቀችም። «ያምራል። ሌላ ቀን ከሱ ጋር መጥተን በደንብ ታሳዪናለሽ።»

ጠዋት እግሯ ወዲህ፣ ልቧ ወዲያ ነበር። አሁን ሁለቱም የሚሄዱት ወደ አንድ ደጅ ነው።